በእንቅርት ላይ የልብ ሩጫ

ዛሬ ስለ ድመት ልጽፍ ነው። አዎ፣ ስለ ድመት። የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ፣ የባጃጅ ታሪፍ፣ የዶላር ምንዛሪ እያለ ድመት ከየት መጣ የምትሉ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ። ነገሩ ከድመት ይጀምራል እንጂ በድመት አያልቅም።

ድመቱ ነብሮ ይባላል። መጋላ ውስጥ፣ ከደቻቱ ብዙም በማይርቀው ግቢያችን አድጎ ያረጀ ዥንጉርጉር ወንድ ድመት። አያቴ፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላት፣ ከከፊራ ገበያ ስትመለስ በዘንቢል ይዛው የመጣች ቀን እኔ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት እሱ እዚያው በረንዳው ላይ ነበር። 13 ዓመት ሞላው። ድሬ ላይ ድመት ይህን ያህል መቆየቱ ራሱ ብርቅ ነው፤ ወይ ባጃጅ ይገጨዋል፣ ወይ ውሻ ይይዘዋል፣ ወይ ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ ይበላል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም፣ ሙቀቱ በበረታበት ወር፣ ነብሮ ተቀየረ። ይበላል፣ ይበላል፣ አይጠግብም። እማማ ከግመል ሥጋው የምትቆርጥለትን ጨርሶ የጎረቤት ድስት ሊከፍት ይሄዳል። ግን የጀርባ አጥንቱ ይቆጠራል። ሌሊት በሙቀቱ ምክንያት ግቢ ውስጥ አንጥፈን ስንተኛ ከግድግዳ ግድግዳ እየዞረ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ውሃ አይበቃውም። ጸጉሩን መላስ ትቶ ተንጨባረረ። ጎረቤታችን «የሆድ ትል ነው» አለ። እማማ «ዓይን በልቶታል» አለች። እኔ፣ የተማርኩት፣ «እርጅና ነው» ብዬ ዘጋሁት።

አንድ ሌሊት መጥቶ ደረቴ ላይ ተኛ። እጄን ጎኑ ላይ ሳሳርፍ ልቡ ይመታል ከማለት ይንቀጠቀጣል ማለት ይቀላል። ልቆጥረው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ጠዋት ደግሞ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ አየሁት። ውሻ ቢያለከልክ ያለ ነው። ድመት ቆሞ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ካያችሁ ግን ነገር አለ ማለት ነው።

በማግስቱ ፍየልና ግመል በማከም የሚታወቅ አንድ የእንስሳት ሐኪም ለምነን ግቢ ድረስ መጣ። የእኔ እኩያ ቢሆን ነው። «ለድመት ስጠራ ይሄ ሁለተኛዬ ነው» እያለ ሳቀ። ማዳመጫውን ነብሮ ደረት ላይ አድርጎ ሰዓቱን አየ። በ15 ሰከንድ 65። በደቂቃ 260 ማለት ነው። ሐኪም ፊት የፈራ ድመት እንኳ ብዙ ጊዜ ከ220 አያልፍም። «በቃ፣ ልቡ ነው» ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እሱ ግን የነብሮን አገጭ ቀና አድርጎ በሁለት ጣቶቹ ጉሮሮውን ከላይ ወደ ታች ዳሰሰ። አንዴ፣ ሁለቴ። ቆመ። ከዚያ የእኔን ጣት ይዞ አስነካኝ፤ ባቄላ የምታህል፣ ሲነኳት የምታመልጥ ነገር።

«ልቡን የሚያስሮጠው ይሄ ነው» አለኝ።

አንገት ልብን ሲያዝ

ከጉሮሯችን ፊት ለፊት ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ድመትም አለው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ሆኖ። ሥራው ሰውነት በምን ፍጥነት ይሥራ የሚለውን መወሰን ነው። እኔ በገባኝ ቋንቋ ላስረዳ፦ ታይሮይድ የሰውነት ብሔራዊ ባንክ ነው። የሚያወጣው ሆርሞን ደግሞ ገንዘቡ። በልኩ ከሆነ ሁሉም ይንቀሳቀሳል። ባንኩ ያለ ልክ ማተም ከጀመረ ኢኮኖሚው ይግላል፤ ሁሉም ይሮጣል፣ ምንም አይጠራቀምም። የሚበላው ሁሉ ይቃጠላል። ስለዚህ እየበሉ መክሳት።

ልብ ደግሞ የዚህ ሩጫ የመጀመሪያው ተጠቂ ነው። ትዕዛዙ ሲበዛበት ፈጥኖም አጥብቆም ይመታል። ጡንቻ ስለሆነ እንደ ማንኛውም ጡንቻ በሥራ ብዛት ይወፍራል። ግድግዳው ሲወፍር ደም የሚይዝበት ቦታ ይጠባል። በአንዳንዱ ድመት የደም ግፊትም አብሮ ይነሳል፤ ግፊቱ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ጊዜ ከተሰጠው ጥቂቶቹ ወደ ልብ ድካም ይገባሉ፤ ሳንባቸው ዙሪያ ውሃ ይቋጥራል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ድመት ከራሱ ከልብ በሚነሳ በሽታም ሊታመም ይችላል። የልብ ጡንቻ ያለ ውጫዊ ምክንያት የሚወፍርበት በሽታ ከ7 ድመቶች በግምት አንዱ ላይ ይገኛል፤ እሱን ወደ ነበረበት የሚመልስ መድኃኒት የለም። በታይሮይድ የተነሳ የወፈረ ልብ ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሆርሞኑ ልኩን ሲይዝ ምቱ ይረጋጋል፣ ግድግዳው ከወራት በኋላ ይሳሳል። ሁለቱን በማዳመጫ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም ይሮጣሉ፣ ሁለቱም ያልተለመደ ድምፅ ያሰማሉ። የሚለያቸው አንድ የደም ምርመራ ነው። በአንደኛው የሚፈረድበትን በሌላኛው ማዳን ይቻላል።

ይህ በሽታ ድመት ላይ መኖሩ በግልጽ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1979 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ከ10 ዓመት በላይ ከሆናቸው ድመቶች ወደ 10 በመቶ በሚጠጉት ላይ እንደሚገኝ ይነገራል። ዕብጠቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር የሚሆነው ከ100 ከ2 ወይም ከ3 አይበልጥም። ለምን እንደመጣ ግን እስካሁን ተከራክረው አልጨረሱም፤ የታሸገ ምግቡም፣ የቤት ዕቃ ላይ ያለው ኬሚካልም ተጠርጥሯል።

የእኛ አገር ድመት ብዙ ጊዜ እዚህ ዕድሜ ላይ ስለማይደርስ በሽታው አይታየንም። ሲደርስ ደግሞ «እርጅና ነው» የሚል እንደኔ ያለ ተማሪ አይጠፋም።

ሐኪሙ ሲቆጥር እኔ ሌላ ሰው አሰብኩ

ሐኪሙ ምልክቶቹን በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። እየበላ ይከሳል። አይተኛም። ያቅበጠብጠዋል። ልቡ ይሮጣል። ሙቀት አይችልም፣ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ፈልጎ ይተኛል። ዕድሜው የገፋ ነው። አንገቱ ላይ ዕብጠት አለ።

እኔ እየሰማሁት ያየሁት ነብሮን አልነበረም። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሻሽዋን እያራገበች የምታዳምጠንን እማማን ነበር።

እማማ የተወለደችው ከጋራ ሙለታ ደጋ ነው። ድሬ የገባችው በሙሽርነቷ ነው። አንገቷ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት አለ። እኛ ተወልደን ያየነው፣ የለመድነው፣ እንደ ጌጧ የቆጠርነው እንቅርት። ባለፉት ሁለት ዓመታት እማማ ከስታለች፤ «ሐሳብ ነው» ተባለ። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የሻይ ስኒ ከእጇ ያመልጣል፤ «ዕድሜ ነው» ተባለ። «ሙቀቱን አልቻልኩም» ስትል «የድሬን ሙቀት ማን ቻለው?» ብለን ሳቅን። ልቧ ሲደነግጥባት ግን ሐኪም ቤት ወሰድናት። የወሰድንበትን ተቋም ስም መጥራት ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም፤ አሠራሩ የአንድ ቦታ ብቻ ስላልሆነ። ኤሲጂ ተነሳች፣ የልብ አልትራሳውንድ ታየች፣ ልብ የሚያረጋጋ ክኒን ተሰጣት። በቀጠሮ እየተመላለሰች አንድ ዓመት ተኩል ዋጠች። ማዳመጫው ደረቷ ላይ ያልዋለበት ቀን የለም። ከማዳመጫው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ያለውን እንቅርት የነካ ግን አልነበረም።

ድመቱ አንገቱ የተዳሰሰው በ5 ደቂቃ ውስጥ ነው። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በሳምንቱ የእማማን ደም አስመረመርን። ቲኤስኤች ይባላል። አንጎል ሥር ያለች ሌላ ዕጢ ለታይሮይድ የምትልከው «ሥራ» የሚል ትዕዛዝ ነው። ታይሮይድ ከልክ በላይ ሲሠራ ትዕዛዙ ይቆማል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ይወርዳል። የእማማ ቁጥር ዜሮ አካባቢ ነበር። ልቧም መሮጥ ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱን አጥቶ ነበር፤ አንዴ ሁለት፣ አንዴ አምስት፣ ከዚያ ዝም። እንዲህ ያለ ምት ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው።

አባቶቻችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይሉ ነበር፣ መከራ ሲደራረብ። የእኛ ቤት ጣጣ በእንቅርት ላይ የልብ ሩጫ ነበር። ልዩነቱ ሁለቱ መከራዎች አንድ መሆናቸው ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም

እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረው ካሌብ ፓሪ የተባለ ሐኪም ያበጠ አንገትና የሚሮጥ ልብ አንድ ላይ ሲሄዱ ያየው ከ200 ዓመት በፊት ነው። ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1825 ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ደግሞ የደብሊኑ ሮበርት ግሬቭስ ልባቸው ክፉኛ የሚመታባቸውንና አንገታቸው ያበጠ 3 ሴቶችን ታሪክ ጻፈ። በሽታውን መጀመሪያ ያዩት በልብ በኩል ነበር ማለት ነው። እኛ ደግሞ ዛሬም በልብ በኩል እያየነው አንገቱን እንረሳዋለን።

በሰው ላይ ታይሮይድ ከልክ በላይ እንዲሠራ የሚያደርጉት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንዱ ሰውነት ራሱን ሲዋጋ የሚመጣው፣ ዓይን የሚያስፈጥጠው፣ ወጣቶችን የሚይዘው ነው። ሌላው ለብዙ ዓመት የኖረ እንቅርት ውስጥ ያሉ ጓጓላዎች ቀስ በቀስ አልታዘዝ ብለው በራሳቸው ሆርሞን ሲያመርቱ የሚመጣው ነው። ይህኛው ዓይን አያፈጥጥም። በአረጋውያን ላይ አንዳንዴ ከክብደት መቀነስና ከልብ ምት ሌላ ምንም ምልክት አያሳይም። የድመቶቹ በሽታ የሚመስለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ለዚህ ነው የነብሮ ታሪክ የእማማን የገለጠልን።

ታዲያ ይህ በሽታ ለእኛ ለምን ሩቅ አይደለም? መልሱ ጨው ነው። እንቅርት በአብዛኛው የአዮዲን እጥረት ልጅ ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስከተነሳበት እ.ኤ.አ. 1998 ድረስ አብዛኛው የምንበላው ጨው ከቀይ ባሕር ዳርቻ አዮዲን ተጨምሮበት ይመጣ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ወደ አፋሩ አፍዴራ ዞርን፤ ጨው ሞላ፣ አዮዲኑ ግን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በ2016ቱ ዳሰሳ ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። ለአንድ ሰው በዓመት ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ለሚያስወጣ ነገር ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ከዚህ የረከሰ የጤና ኢንቨስትመንት አስተማሪዎቼም አላሳዩኝም።

ግን አንድ ማስታወሻ አለ። አዮዲን ተርቦ የኖረ አሮጌ እንቅርት ድንገት አዮዲን ሲያገኝ አንዳንዴ አመፅ ያነሳል፤ ከልክ በላይ ማምረት ይጀምራል። ዚምባብዌ በ1990ዎቹ ጨዋን በአዮዲን ስታበለጽግ ይህ ታይቷል። ይህ ጨውን የሚያስተው አይደለም፤ ልጆቻችን እንቅርት የሌለበት አንገት ይዘው የሚያድጉት በዚሁ ጨው ነው። ግን በችግሩ ዘመን ያደጉት እናቶችና አያቶች አሮጌ እንቅርታቸውን ይዘው ዛሬ አርጅተው ልብ ክፍል ወረፋ ይዘዋል። የእነሱን አንገት የሚዳስስ ያስፈልጋል።

ሕክምናውና ተስፋው

ወደ ነብሮ ልመለስ። ደሙን አንድ ላቦራቶሪ በውለታ ተቀበለን። «የታካሚ ስም?» «ነብሮ።» «የአባት ስም?» ስል ዝም፤ ሁላችንም ሳቅን። ውጤቱ የጠረጠርነው ሆነ።

ለድመት 4 መንገዶች አሉ። ሆርሞኑን የሚያግድ ክኒን፣ ቀዶ ሕክምና፣ አዮዲን የተቀነሰበት ልዩ ምግብና ራዲዮአክቲቭ አዮዲን። የመጨረሻው በአንድ መርፌ የታመመውን ሥጋ ብቻ መርጦ ያጠፋል፤ የጨረሩ ኃይል በየ8 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አብዛኞቹ ድመቶች በአንዱ መርፌ ይድናሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የ167 ድመቶች ጥናት ክኒን ብቻ የወሰዱት ከሕክምናው በኋላ በመካከለኛ ግምት 2 ዓመት፣ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የተሰጣቸው 4 ዓመት ኖረዋል። ለ13 ዓመት ድመት 2 ዓመት ቀላል አይደለም።

እኛ አገር ራዲዮአክቲቭ አዮዲን እንኳን ለድመት ለሰውም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ክኒን። እዚህ ላይ ልሠራው የነበረውን ስህተት ልናገር፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። በዚያ ሳምንት ለእማማ ፕሮፒልታዮዩራሲል የሚባል ክኒን ታዞላት ነበር፤ አገራችን ውስጥ ለታይሮይድ በብዛት የሚሰጠው እሱ ነው። «ያው አንድ በሽታ አይደል፣ ከእሷ ቆርሼ ልስጠው?» አልኩት ሐኪሙን። ተቆጣኝ። ይህ መድኃኒት ድመት ላይ የራሱን ደም እንዲያጠፋ ስለሚያደርግ ከተተወ ቆይቷል። ለድመት የሚሰጠው ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል ነው። በሽታው ቢመሳሰልም ክኒኑ አይጋራም። ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ ሳጣ ውጭ ያለ ዘመድ በጅቡቲ በኩል ላከልን።

ሌላው ልታውቁት የሚገባ ነገር ኩላሊት ነው። የሚሮጥ ልብ ወደ ኩላሊት ብዙ ደም ስለሚገፋ የደከመ ኩላሊት ደህና ይመስላል። ልብ ሲረጋጋ የተደበቀው ይወጣል። ሕክምናው ኩላሊቱን አበላሸው ማለት ሳይሆን መጋረጃው ተነሳ ማለት ነው። ለዚህ ነው ክኒን በተጀመረ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ደም እንደገና የሚታየው።

ነብሮ በ3 ወር ውስጥ ከ2.6 ኪሎ ወደ 3.7 ኪሎ ገባ፤ የመዘንነው በሥጋ ሻጭ ሚዛን ነው። ልቡ በደቂቃ ወደ 180 ወረደ። ሌሊት ተኛ፤ እኛም ተኛን። ኩላሊቱ ግን እንደተፈራው ደካማ ሆኖ ተገኘ። ከሕክምናው በኋላ 17 ወር ኖሮ ባለፈው ክረምት መግቢያ እማማ እግር ሥር ሞተ። አላለቀስኩም አልልም።

እማማስ? አለች። እጇ አይንቀጠቀጥም። በ5ኛው ወር ልቧ ወደ ሥርዓቱ ተመለሰ። ሐኪሟ እንደነገሩን ሁሉም ሰው ላይ አይመለስም፤ ብዙ በቆየ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። እኛ አንድ ዓመት ተኩል አባክነን ነው በዕድል የተረፍነው።

«ሰው ሳይታከም ድመት?»

ይህን ጥያቄ ከጓደኞቼ ስንት ጊዜ ሰማሁት። «አቦ፣ ሰው መድኃኒት አጥቶ አንተ ለድመት ደም ታስመረምራለህ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተራ ቅናት አይደለም፤ ውስን ገንዘብ ያለው ሰው የሚጠይቀው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ ግን አለኝ።

አንደኛ፣ ለነብሮ ያወጣሁት ከኪሴ ነው፤ ከማንም ወረፋ ላይ አልወሰድኩም። 13 ዓመት ከአይጥ የጠበቀንን፣ እማማ ብቻዋን ስትውል ያዋራችውን ፍጡር ማሳከም እንደ ቅንጦት አይሰማኝም። መጋላ ውስጥ ድመት ሶላት ምንጣፍ ላይ ቢተኛ የሚያባርረው የለም፤ ከቤተሰቡ ነው።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡን እንሥራው። ለእማማ ልብ በአንድ ዓመት ተኩል ያወጣነው፣ የመንገዱን፣ የኤሲጂውን፣ የክኒኑን ስደምረው የታይሮይድ ምርመራውን ከ10 ጊዜ በላይ ያስመረምር ነበር። ርካሹን ጥያቄ ሳንጠይቅ ውዱን መልስ ስንገዛ ኖርን። ሀብት የሌለው አገር ርካሹን ምርመራ ቀድሞ መጠየቅ አለበት እንጂ ኋላ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄው ነው።

ሦስተኛ፣ የእንስሳትና የሰው ሕክምናችን አጥር ለይቶ መኖሩ ያስከፍለናል። አሜሪካኖቹ የድመቱን በሽታ በጻፉበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1979 ነበር ደብረ ዘይት ላይ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲያችን የተቋቋመው። ያኔ ጭንቀቱ የከብት ደስታ በሽታ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጠፍቷል፣ የኢትዮጵያ ሐኪሞችም ድርሻ አላቸው። ዛሬ ከድሬ በደንገጎ ወጣ ብሎ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሐኪም ያስመርቃል። «አንድ ጤና» የሚባለው አሠራርም አለ፤ ግን ስሙ የሚነሳው ለእብድ ውሻ በሽታና ለአባ ሰንጋ ነው። የሚተላለፍ በሽታ ብቻ አይደለም የሚያገናኘን። አብሮን ያረጀ እንስሳ የሚታመመው እኛ የምንታመመውን ነው።

እንግዲህ የምለምነው

ቤታችሁ ከ10 ዓመት ያለፈ ድመት ካለ፣ እየበላ ከከሳ፣ ሌሊት ከጮኸ፣ አንገቱን አስዳስሱ። ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ቁጠሩ፤ በደቂቃ ከ30 ካለፈ ለሐኪም ንገሩ። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ወይም የኋላ እግሮቹ በድንገት ከከዱት ነገ አትበሉ።

ከዚያ ቀና ብላችሁ በረንዳው ላይ ያሉትን ተመልከቱ። እናታችሁ፣ አያታችሁ፣ ጎረቤታችሁ። እንቅርት አላቸው? ያለ ምክንያት ከስተዋል? እጃቸው ይንቀጠቀጣል? «ልቤን» ይላሉ? ሐኪም ፊት ስትቀርቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ታይሮይዷም ይታይልን»። ብትሳሳቱ የምታጡት የአንድ ምርመራ ዋጋ ነው።

ለሐኪሞቻችንም፣ በአክብሮት፣ ወረፋው እንደሚያጨናንቃችሁ አውቃለሁ። ግን በዕድሜ የገፋ ሰው ልቡ ሥርዓት አጥቶ ሲመጣ ቲኤስኤች ከኤሲጂው ጋር አብሮ ቢታዘዝ፣ ማዳመጫውም ከመነሳቱ በፊት ሁለት ጣት አንገት ላይ ቢያርፍ ብዙ እማማዎች ዓመታቸውን አያባክኑም። ጨው የምትገዙም አዮዲን ያለውን ግዙ፤ በድሬ ፀሐይ ክፍት አድርጋችሁ አታስቀምጡት፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት፤ አዮዲኑ እንዳይበን።

ትናንት ማታ እማማ ከከፊራ ስትመለስ ዘንቢሏ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። «ምንድን ነው?» አልኳት። «አይጥ በዛ» አለች፣ ፊቷን አዙራ። ጥቁር ነው፣ መዳፌን አይሞላም። እጄን ጎኑ ላይ አድርጌ ልቡን ቆጠርኩ። ለልጅ ድመት ደህና ነው።